የሞተር መጋዛችሁ ውኃ ውስጥ ከወደቀ የማስነሻ ገመዱን ከመሳባችሁ በፊት ይህን አንብቡ

እዚህ ጎንደር ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ዓይነት ስልክ ይደወልልኛል። «ጋሼ፣ መጋዙ ውኃ ገባብኝ፣ ምን ይሻለኛል?» አንዱ መገጭ ወንዝ ዳር ባሕር ዛፍ ሲጥል ከእጁ አምልጦት ነው። ሌላው ትከሻው ላይ አድርጎ አንገረብ ወንዝን ሲሻገር ድንጋዩ አዳልጦት ነው። ጎርጎራ ላይ ከታንኳ ጣና ውስጥ ጥሎት፣ ጠልቆ ያወጣውም አለ። እኔም መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ገመዱን ስበኸዋል?»

አብዛኛው «አዎ፣ ደጋግሜ ስቤዋለሁ፣ አልነሳ አለኝ» ይለኛል። ይኼኔ ነው አንጀቴን የሚበላኝ። መጋዝ ውኃ ስለገባበት ብቻ አይሞትም። የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ውኃው ሳይወጣ ገመዱን መሳብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ውኃውን አፍስሶ «ነገ አየዋለሁ» ብሎ ማሳደር። ሁለቱንም ማስቀረት በእጃችሁ ነው። ለዚህ ነው ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የጻፍኩት።

ለምን ገመድ አይሳብም?

ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከበላዩ ያለውን አየር ይጨምቃል። አየር ይታመቃል፣ ውኃ ግን አይታመቅም። ሲሊንደሩ ውስጥ ውኃ ካለ ፒስተኑ ግድግዳ እንደነካ ይቆማል። በጉልበት ስትስቡ ኃይሉ ወደ ማስነሻው ጥርስና ወደ ቢዬላው (ፒስተኑን ከሚዞረው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ይሄዳል። አንዱ ይሰበራል ወይም ይጣመማል። ከዚያም አልፎ መሳቡ ጭቃና አሸዋ ያለበትን ውኃ ወደ ኩሽኔታዎቹ (ዘንጉ የሚዞርባቸው ቀለበቶች) ያስገባል።

ማሳደር ለምን ይጎዳል?

የመጋዝ ሞተር እንደ መኪና ዘይት የሚቀመጥበት ቋት የለውም። የውስጥ ብረቶቹን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባው ዘይት ብቻ ነው። ውኃ ያንን ስስ ዘይት ገፍፎ ይወስደዋል። ከዚያ መጋዙን ስታወጡት ራቁቱን የቀረው ብረት ላይ አየርና እርጥበት ይገናኛሉ፣ ዝገቱም ወዲያው ሥራውን ይጀምራል። ኩሽኔታ ላይ የወጣ ትንሽ ዝገት ደግሞ ከወር በኋላ ሞተሩን እያንጫረረ ይጨርሰዋል።

የሚያስፈልጋችሁ

- የካንዴላ (ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚፈነጥቀው) መፍቻ። ከመጋዙ ጋር የመጣው ይበቃል፣ ብዙዎቹ 19 ሚሊ ሜትር ናቸው።
- ባለ ኮከብ ራስ መፍቻ ወይም አሌን ቁልፍ፣ እንደ መጋዙ ዓይነት። ስቲል (STIHL) የተባለው ኩባንያ መጋዝ ላይ አብዛኛው ብሎን ቲ 27 ነው።
- ትንሽ ካቻቪቴና ፒንሳ።
- 2 ሊትር ንጹሕ ቤንዚንና የሁለት ምት ሞተር ዘይት (ቱ ስትሮክ የሚባለው)።
- 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ፣ ከመድኃኒት ቤት።
- አዲስ ካንዴላ። አሮጌውን አትጣሉት፣ በኋላ ይጠቅማል።
- ሁለት ባዶ ሃይላንድ፣ የቡና ስኒ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ክር የማይለቅ ጨርቅ።
- ጥቂት ግራሶ።
- ጓንት፣ ሰንሰለቱ ይቆርጣችኋል።
- ስልካችሁ። እያንዳንዱን ነገር ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። ስትመልሱ የቱ ዳዶ የት እንደነበር ማስታወስ ከባድ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሥራው ሁሉ በቤንዚን ነው። ደጅ ላይ ሥሩ። ሲጋራ፣ ከሰል፣ የቡና ምድጃ አጠገባችሁ አይኑር። ያፈሰሳችሁትን ቤንዚን ወንዝ ወይም ቦይ ውስጥ አትድፉት፣ እዚያ ውኃ የሚጠጣ ከብት አለ፣ የምታጥብ እናት አለች። በሚከደን ዕቃ አስቀምጡትና ጋራዥ ስጡት።

መጀመሪያ ሁለት ጥያቄ መልሱ

ሲወድቅ ሞተሩ ይሠራ ነበር? ጠፍቶ ከነበረ ዕድላችሁ ጥሩ ነው። እየሠራ ከነበረ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚዞር ሞተር ውኃ ጎርሷል ማለት ነው። ቢዬላው ሊጣመም ይችላል፣ ስለዚህ 4ኛው ደረጃ ላይ በጣም ተጠንቀቁ።

ውኃው ምን ዓይነት ነው? የበጋ ንጹሕ ውኃ ሌላ፣ የሐምሌ ደፍራሽ ጎርፍ ሌላ ነው። ደፍራሽ ከሆነ ከታች ያሉትን አንዱንም ደረጃ መዝለል አይቻልም፣ ምክንያቱም ጭቃው ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።

ደረጃ በደረጃ

1. ማጥፊያውን «ጠፍቷል» ላይ አድርጉት፣ የካንዴላውን ካፕ ንቀሉ። ገመዱን አትንኩት። ጭቃ ከለበሰ ምንም ነገር ሳትፈቱ ከላይ በንጹሕ ውኃ እጠቡት። ውኃ ላይ ውኃ መጨመር ግራ ይመስላል፣ ግን ያልታጠበ መጋዝ ስትከፍቱ ጭቃው ቀጥታ ውስጥ ይገባል። በባልዲ ቀስ እያላችሁ አፍስሱበት፣ በጎማ አትርጩት።

2. ባሩን (ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት) እና ሰንሰለቱን አውርዱ። የሰንሰለቱን ክዳን ፈታችሁ ለብቻ አስቀምጡት። ሰንሰለቱን በጨርቅ አድርቃችሁ የሰንሰለት ዘይት ውስጥ ንከሩት፣ ከዚያ በኋላ ጊዜ አይጠይቃችሁም።

3. ሁለቱንም ታንክ አራግፉ። የነዳጁን ሃይላንድ ውስጥ ገልብጡና አሥር ደቂቃ ሳትነኩት አቁሙት። ውኃ ከቤንዚን ይከብዳል፣ ወደ ታች ይወርዳል። ብርሃን ላይ ያዙት። ከላይ ቀለም ያለው ቤንዚን፣ ከታች ንጹሕ ውኃ፣ በመካከላቸው እንደ ክር የቀጠነ መስመር ታያላችሁ። መስመሩ ካለ ታንኩ ውኃ ጎርሷል ማለት ነው። መስመር ባታዩም ያንን ቤንዚን መልሳችሁ አትጠቀሙበት። የሰንሰለቱ ዘይት ደግሞ ውኃ ከገባበት እንደ ወተት ይነጣል። እሱንም ድፉትና ታንኩን በትንሽ ቤንዚን አለቅልቁት።

ታንኩ ውስጥ ጫፉ ላይ ፊልትሮ ያለበት ቱቦ አለ። በተቆለመመ ሽቦ ሳቡና አውጡት። ፊልትሮው ውኃ እንደ ስፖንጅ ይይዛል፣ ስለዚህ ቀይሩት። «ደርቋል» ብላችሁ የመለሳችሁት ፊልትሮ በኋላ ሞተሩ እየተንተባተበ እንዲጠፋ ያደርጋል፣ እናንተም ጥፋቱን ካርቡሬተሩ (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው) ላይ ትፈልጋላችሁ።

4. ካንዴላውን ፍቱና ውኃውን አውጡ። ይህ ዋናው ነው። መጋዙን የካንዴላው ቀዳዳ ወደ መሬት እንዲያይ ገልብጡት። ፊታችሁን አርቁ። አሁን ገመዱን መሳብ ይቻላል፣ ግን ቀስ ብላችሁ፣ ከጉድጓድ ውኃ እንደምትቀዱ። ካንዴላው ስለወጣ ውኃው መውጫ አለው። መጀመሪያ ቧ ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ ጠብ ጠብ ይላል። አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ደጋግሙት።

በዚህ ጊዜ እጃችሁ የሚነግራችሁን አዳምጡ። አዙሪቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ልል መሆን አለበት። አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ የሚይዝ፣ የሚፈጭ ወይም «ቋ» የሚል ከሆነ አቁሙ። ቢዬላው ተጣሟል፣ ወይም አሸዋ ገብቷል። ከዚህ በኋላ ሞተሩን በትኖ ለሚያይ ባለሙያ ውሰዱት። በጉልበት ካዞራችሁት ሲሊንደሩንም ትጨምሩበታላችሁ።

5. የአየር ፊልትሮውን፣ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) እና ካርቡሬተሩን አውርዱ። ማርሚታው በሁለት ወይም በሦስት ብሎን ነው የሚያዘው። ስታወርዱት በቀዳዳው ፒስተኑን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ጎኑ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሄደ ጭረት ካለ አሸዋ አግኝቶታል። ማርሚታውን ገልብጣችሁ አራግፉት፣ ውስጡ ብዙ ውኃ ይደበቃል። የአየር ፊልትሮውን በሳሙና አጥባችሁ ጥላ ላይ አድርቁ፣ በእጃችሁ አትጭመቁት።

6. የታችኛውን ክፍል እጠቡ። ብዙ ሰው ካንዴላውን ነቅሎ ውኃ ሲወጣለት ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ከፒስተኑ በታች፣ ኩሽኔታዎቹ ባሉበት ክፍል ገና ውኃ ተኝቷል።

ለአንድ ሊትር ንጹሕ ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት ቀላቅሉ፣ ማለት ሲሪንጁን ሁለት ጊዜ ሞልታችሁ። ይህ ለመታጠቢያ ነው፣ ዘይቱ በዛ ያለው ብረቱን እንዲሸፍን ነው። ቮላኖውን (መንኮራኩሩን) እያዞራችሁ ወይም ገመዱን ቀስ ብላችሁ እየሳባችሁ ፒስተኑን ወደ ላይ አውጡት። ፒስተኑ ከላይ ሲሆን በካርቡሬተሩ በኩል ያለው መግቢያ ወደ ታችኛው ክፍል ይከፈታል። በዚያ ቀዳዳ አንድ የቡና ስኒ አፍስሱ። መጋዙን በሁሉም ጎኑ አገላብጡት፣ እንደ ቅቤ መግፊያ ቅል ናጡት። ከዚያ በመጣበት ቀዳዳ ድፉት።

የወጣውን ሃይላንድ ውስጥ ተመልከቱ። ከሥር የውኃ እንክብሎች ካሉ ድገሙት። ሦስት፣ አራት ጊዜ የሚጠይቅ አለ፣ ጎርፍ ከሆነ ስድስት ጊዜም ያጠብኩት አለ። ማቆሚያው አንድ ነው፣ የሚወጣው ያስገባችሁትን እስኪመስል ድረስ። በመጨረሻ ፒስተኑን ወደ ታች አውርዱና መጋዙን በካንዴላው ቀዳዳ በኩል ገልብጡ፣ በማስተላለፊያ ቦዮቹ የቀረው በዚያ ይወርዳል።

ከከተማ ርቃችሁ ከሆነና ሌላው ሁሉ የማይቻል ከሆነ እስከዚህ ያለውን ብቻ እዚያው ሥሩ። ውኃው ወጥቶ ብረቱ ዘይት ከለበሰ ጎንደር እስክትደርሱ ይጠብቃችኋል። ዛፍ ልትቆርጡ ስትወጡ ቅልቅል ቤንዚን በእጃችሁ ስላለ፣ ካንዴላ መፍቻና የብሎን መፍቻ ከያዛችሁ ይበቃል።

7. የማስነሻውን ክዳን ክፈቱ። አራት ብሎን ገደማ ነው። ውስጡ ገመዱ የተጠቀለለበት መዘውርና ጠፍጣፋ ሞላ አለ። መዘውሩን አታውጡት፣ ሞላው ተወጥሮ ስለተጠቀለለ ሲወነጨፍ ፊት ይቆርጣል። በጨርቅ አድርቁና ጥቂት ጠብታ ቀጭን ዘይት አድርጉበት። ቮላኖውንና አጠገቡ ያለውን ቦቢና (ለካንዴላው እሳት የሚያመነጨውን) ጥረጉ። ቦቢናው ራሱ የታሸገ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይሞትም። ውኃ የሚይዘው የማጥፊያው ሽቦ ጫፍና የካንዴላው ካፕ ነው። እነሱን በደንብ አድርቁ፣ «እሳት የለውም» ከተባሉት ብዙዎቹ ችግራቸው እዚያ ነበር።

8. ፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ኃይል ከሰንሰለቱ ጋር የሚያገናኘው) ዘንድ ሂዱ። ሰንሰለቱን የሚያዞረው ከበሮ ብዙ ሞዴል ላይ በትንሽ ቀለበት ብቻ ነው የሚያዘው። አውጡትና ከውስጡ ያለውን ባለ መርፌ ኩሽኔታ በቤንዚን አጥባችሁ አድርቁ፣ ግራሶ ቀቡት። ከበሮው ከፍሪሲዮኑ ጀርባ ከሆነ ግን ፍሪሲዮኑ መፈታት አለበት፣ የእሱ ጥርስ ደግሞ ወደ ተቃራኒ ነው የሚፈታው። በጉልበት ከመታገል ለባለሙያ ስጡት። የፍሬኑ ቀበቶ ላይ ግራሶም ዘይትም እንዳይነካ። ዘይት የነካው ፍሬን ሰንሰለቱን አያቆምም፣ ያ ደግሞ እግራችሁን የሚያድነው ነገር ነው።

9. ካርቡሬተሩን አጽዱ። በሁለቱም ጎን ክዳን አለው። ከሥሩ ስስ ጎማ (ዲያፍራም) እና ጓርኒሲዮን (ስስ ማኅተም) አለ። የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደሆነ ፎቶ ካላነሳችሁ አትንኩት። በሁለቱ ጎኖች ቅደም ተከተሉ ስለሚለያይ ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል። በንጹሕ ቤንዚን አለቅልቁ፣ ውኃ የያዘ ቦታ ካለ በአፋችሁ ወይም በትንሽ የእጅ ፓምፕ አየር ስጡት። ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በኮምፕረሰር አታስነፉት፣ ያ ግፊት ዲያፍራሙን ይቀደዋል። በጎኑ ያሉትን ማስተካከያ ብሎኖች አትንኳቸው። ካርቡሬተሩ ኤሌክትሪክ ሽቦ የሚገባበት ዘመናዊ ዓይነት ከሆነ ከውጪ አድርቃችሁ ተዉት።

10. አድርቁት። በጋ ከሆነ ጥላ ያለበት ነፋስ ላይ ግማሽ ቀን ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ ግን የጎንደር አየር ራሱ እርጥብ ነው፣ ቤት ውስጥ ደረቅ ክፍል ውስጥ ክፍሎቹን ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ አሳድሩት። ይህን ማሳደር አትፍሩት፣ ውስጡ አሁን ዘይት ለብሷል። ከመተኛታችሁ በፊት በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሁለት ምት ዘይት ጨምሩና ሞተሩን ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ አዙሩት።

11. ገጥማችሁ እሳቱን ፈትሹ። ነዳጅ ከመሙላታችሁ በፊት ነው ይህ። አሮጌውን ካንዴላ ቀዳዳው ላይ እሰሩት፣ ቀዳዳው ይዘጋል፣ የቤንዚን ትነት አይወጣም። አዲሱን ካፑ ውስጥ አስገቡና ጥርሱን ከሲሊንደሩ ባዶ ብረት ጋር አስነኩት፣ በእጃችሁ ሳይሆን እጀታው ጎማ በሆነ ፒንሳ ያዙት። ማጥፊያውን አብሩ፣ ሳቡ። ጥላ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ካያችሁ ደህና ነው። ከሌለ ወደ 7 ተመለሱ። ከዚያ አዲሱን ካንዴላ ቦታው አስገቡ፣ ክፍተቱ በአብዛኛው 0.5 ሚሊ ሜትር ነው።

12. አስነሱት። ባሩን፣ ሰንሰለቱንና ክዳኑን ሳትመልሱ እንዳታስነሱ። የሰንሰለት ዘይት ሙሉ። አዲስ ነዳጅ ቀላቅሉ። ዘይቱ 50 ለ 1 የሚል ከሆነ ለሊትር 20 ሚሊ ሊትር ነው፣ ለዚህ የመጀመሪያ ታንክ ግን 25 አድርጉት። ፍሬኑን ዝጉ፣ መጋዙን መሬት ላይ በእግራችሁ ያዙት። ሲሊንደሩ በመታጠቢያው ርሶ ስላለ መጀመሪያ ያለ ቾክ (አየር መዝጊያ) ሳቡ። ከአሥር ጊዜ በኋላ እምቢ ካለ ቾክ ስጡት።

ሲነሳ ብዙ ጭስ ይኖራል። አትደንግጡ፣ የጨመራችሁት ዘይት ነው የሚቃጠለው። ሁለት ሦስት ደቂቃ በራሱ ይሥራ፣ ከዚያ ፍሬኑን ለቃችሁ ትንሽ ትንሽ ጋዝ እየሰጣችሁ እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ አቆዩት። ፍሬኑ ተዘግቶ ጋዝ አትስጡት፣ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። ሙቀቱ በየስንጥቁ የቀረውን እርጥበት ያባርራል። ቀጥታ ግንድ ላይ አትዝመቱ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

እሳት ዳር ማድረቅ። ቤንዚን የነካ ዕቃ ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ቤት ያቃጥላል። ባያቃጥል እንኳ ሙቀቱ የጎማ ማኅተሞቹን ያደርቃቸዋል፣ ከዚያ ሞተሩ አየር ይስባል።

አረቄ ማፍሰስ። «አልኮል ውኃ ይመጥጣል» ብሎ ካቲካላ የጨመረበት አጋጥሞኛል። ካቲካላ ራሱ ብዙ ውኃ አለበት። ውኃን በውኃ ማድረቅ አይቻልም።

የመኪና ሞተር ዘይት ከቤንዚን ጋር መቀላቀል። ለዚህ ሞተር አልተሠራም፣ በደንብ አይቃጠልም፣ ፒስተንና ማርሚታ ላይ ጥቀርሻ ያስቀምጣል።

ከተነሳ በኋላ ካርቡሬተሩን መነካካት። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ዝቅ ያለ ቦታ የተስተካከለ መጋዝ እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ትንሽ ይጨሳል፣ ይደክማል። ይህንን አይቶ ወዲያው ነዳጁን የሚቀንስ አለ። አሁን ገና ዘይት እየለበሰ ያለ ሞተር ላይ ነዳጅ ስትቀንሱ ዘይቱም አብሮ ይቀንሳል፣ ፒስተኑ ይነክሳል (ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል)። ሁለት ታንክ ይሥራ፣ ከዚያ ይስተካከል።

አንድ ጊዜ ተነሳ ብሎ መስቀል። በማግስቱ እንደገና አስነሱት። በሳምንቱም አስነሱት። በሦስተኛው ቀን ካንዴላውን ነቅላችሁ እዩት። ጫፉ ላይ ቡናማ ቀለም ካለ ጥሩ ነው። የውኃ ጠብታ ወይም የዝገት ዱቄት ካለ 6ኛውን ደረጃ ድገሙት። ሞተሩ ሲሠራ ከበፊቱ የተለየ «ሽርርር» የሚል የብረት ድምፅ ከታች ከሰማችሁ ኩሽኔታው ነው። ያኔ አጥፉትና ይቀየርላችሁ። ኩሽኔታ ብቻ ከሆነ ጉዳዩ ይቻላል፣ ቆይቶ ክራንክ ሻፍቱን (ዋናውን ዘንግ) ከበላ ግን ወጪው ከአዲስ መጋዝ አይተናነስም።